ለጭንቀት ማን ዘንድ እንሂድ?

(ቱሉ ዲምቱ፣ በዕድራችን አዳራሽ፣ ከወርኃዊው ስብሰባ በኋላ ለአባላት የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ። መዋጮው ተሰብስቦ፣ ስም ተጠርቶ፣ ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ መሄድ ስትችሉ ስለቆያችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሰብሳቢያችን ስለ ጭንቀት የማውቀውን እንድናገር ሲጠይቁኝ እኔ ሐኪም አይደለሁም ብያቸው ነበር። አሁንም እደግመዋለሁ፤ እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ስለ ጭንቀት የማውቀውን ያወቅሁት ታምሜው ነው። ከዚያም እንደ መምህር ልማዴ እያነበብኩ፣ ባለሙያዎችን እየጠየቅሁ ተማርኩት። በተለይ አንድ ነገር በብዙ ዋጋ ተምሬአለሁ፤ ለዚህ ሕመም የሚሆን ባለሙያ እንዴት እንደሚመረጥ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ይቅርታ አለብኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከመካከላችን የአንዲት እናት ወንድም ቢሾፍቱ አርፎ፣ ዕድሩ አውቶቡስ ተከራይቶ ለቀብር ሄዶ ነበር። እኔ ቀረሁ። ቅጣቴን ከፈልኩ፤ የከነከነኝ ግን ቅጣቱ አልነበረም። «ኮርቶ ነው፣ ሰው ንቆ ነው» መባሉን ሰማሁ። ወገኖቼ፣ ንቄ አልነበረም። የዚያን ቀን ማለዳ ጋቢዬን ለብሼ አውቶቡሱ በር ድረስ መጥቼ ነበር። እግሬን ከመሬት አንስቼ ደረጃው ላይ ማሳረፍ አቃተኝ። አውቶቡሱ ሲሄድ ከሕንፃው ጀርባ ቆሜ አየሁት።

ሕመሙ የጀመረኝ ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቃሊቲ በሚኒባስ እመለስ ነበር፤ የኋላ ወንበር ላይ፣ በሰው መካከል። ዝናብ ስለነበረ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። አንድ ወጣት ሊከፍት ሲል «ነፋስ ይመታናል» ተብሎ መልሶ ዘጋው። ሳሪስን እንዳለፍን መንገዱ ተጨናነቀ፣ መኪናው ቆመ። ድንገት ልቤ ደረቴን ሊሰነጥቅ ደረሰ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ከንፈሬን ወረረኝ፣ አየር አጠረኝ። ልሞት ነው አልኩ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ስጮህ ረዳቱ ደንግጦ በሩን ከፈተልኝ፤ የሰው ጉልበት ረግጬ ወጣሁ። ጭቃው ላይ ተቀምጬ አንድ ሴትዮ ውኃ አጠጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ልቤን ተመረመርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ጤነኛ ነው ተባልኩ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ምርመራው ከንቱ አልነበረም። የእንቅርት እጢ ሥራ መዛባት፣ የደም ማነስ፣ አንዳንድ የልብ ሕመምም ልብን ያስመታል፣ ያንቀጠቅጣል። ሦስት ስኒ ቡና ደራርቦ መጠጣትም፣ ጫትም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ስለ ሐሳባችሁ ከመጠየቁ በፊት ስለ ሰውነታችሁ ይጠይቃል፤ ያልተመረመራችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ወደ ምርመራ ይልካችኋል። የኔ ችግር ምርመራው ሳይሆን አንዱ ውጤት በቂ ሆኖ ሳለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መፈለጌ ነበር። ያም ከሕመሙ አንዱ ምልክት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

የያዘኝን ነገር ሐኪሞች ፓኒክ ይሉታል። ሰውነታችን አንበሳ የመጣበት ይመስል አድሬናሊን ይለቅቃል፤ ልብ ይሮጣል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ትንፋሽ ከመጠን በላይ ሲፈጥን ከደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ የጣት መደንዘዝና የራስ ማዞር የሚመጣው ከዚያ ነው። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራው ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ሌላም ዓይነት አለ፤ ለወራት ሳያቋርጥ ስለ ልጅ፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ነገ እያሰቡ እንቅልፍ ማጣት፣ የአንገትና የትከሻ መወጠር። ሌላው ደግሞ ሰው ፊት መቆምን መፍራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች ከእነዚህ በአንዱ ይሠቃዩ እንደነበር ገምቷል። እኛ ግን «ነርቭ ነው»፣ «ጨጓራ ነው»፣ «መጋኛ መትቶት ነው» እያልን እንሸፋፍነዋለን።

ሕመሙን የሚያገዝፈው ሽሽቱ ነው። መጀመሪያ የኋላ ወንበር ተውኩ። ቀጥሎ ሚኒባስ ተውኩ። ቀጥሎ አውቶቡስ። በመጨረሻ ከቤቴ ወደ ትምህርት ቤቴ በእግር ከሚያስኬደው መንገድ በቀር የማልፈራው መንገድ አልነበረም። በሸሸሁ ቁጥር እፎይ እላለሁ፤ እፎይታው ደግሞ «መሸሽህ አተረፈህ» ብሎ ያስተምረኛል። የሕክምናው ዋና ሥራ ይህን ትምህርት ማፍረስ ነው። ባለሙያ ስትመርጡ ይህችን ነገር ያዙልኝ።

የሄድኩባቸውን ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም።

የመጀመሪያው አንድ የግል ክሊኒክ ነበር። ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ተነጋግረን ዲያዜፓም ታዘዘልኝ። ዋጥኩት፣ ወዲያው ተረጋጋሁ፣ ተመስገን አልኩ። ለስንት ጊዜ እንደምወስደው፣ እንዴት እንደማቆመው የነገረኝ አልነበረም። አራት ወር ወሰድኩትና አንድ ቀን አልቆ በአንዴ አቆምኩት። ያ ሳምንት ከመጀመሪያው ሕመም የባሰ ነበር። መድኃኒት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ይህ በደንብ እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት መድኃኒቶች ለጭንቀት ይረዳሉ፤ ውጤታቸው ለመታየት ግን ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፣ ክትትልም ይፈልጋሉ። እንደ ዲያዜፓም ያሉት ፈጥነው ያረጋጋሉ፤ ሲቆዩ ደግሞ ያስለምዳሉ፤ ከቆዩ በኋላ የሚቆሙትም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። መድኃኒት ሲያዝላችሁ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚቆም የማይነግራችሁ ሐኪም ለእናንተ አይሆንም።

ሁለተኛው አማካሪ ነኝ የሚል ሰው ነበር። ወንድሜ ነው ያገናኘኝ፣ የከፈለውም እሱ ነው። ንግግሩ ያምራል። «አይጨነቁ፣ ሕይወት አጭር ናት» ይለኛል፤ ከሰዓቱ ግማሹን እሱ ያወራል። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። በአራተኛው ሳምንት ግን ወንድሜ ቤቴ መጥቶ ለዚያ ሰው ብቻ የነገርኩትን ነገር ጠየቀኝ። የከፈለ ሰው የማወቅ መብት ያለው መስሎታል አማካሪው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ዘንድ አልሄድኩም። እኛ ሁላችን በአንድ ደረጃ እየወጣን እየወረድን የምንኖር ሰዎች ነን፤ የአንዱ ቤት ወሬ ለሌላው ቤት ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ገና በስልክ ስትነጋገሩ «የነገርኩዎትን ለማን ይናገራሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትክክለኛው መልስ «ለማንም፤ ሕይወትዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር» የሚል ነው። ማን እንደከፈለ በመልሱ ውስጥ ሊገባ አይገባም።

ሦስተኛዋ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። በዕድሜ ተማሪዬ ልትሆን ትችላለች። ክፍሏ ገብቼ ሳያት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚህች ልጅ ገመናዬን ልነግር ነው ብዬ አዘንኩ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት። የሙያ ወረቀቷ ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል። እሷ «መምህር፣ ጭንቀቱ ምን ምን አስቀረብዎት?» አለችኝ።

ምን ይሰማዎታል አላለችኝም። ምን አስቀረብዎት ነው ያለችኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ የቢሾፍቱውን ቀብር ነገርኳት። አለቀስኩ፤ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ሰው ፊት ያለቀስኩት እናቴ ስትሞትና የዚያን ቀን ነው። እሷ ወረቀቷ ላይ «ለቅሶ መድረስ» ብላ ጻፈች። «እንግዲህ የምንሠራው ለዚህ ነው» አለችኝ።

ኤድዋርድ ቦርዲን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1979 እ.ኤ.አ. በታካሚና በባለሙያ መካከል ያለው ኅብረት ምን ምን እንደያዘ ጽፎ ነበር፤ በግቡ መስማማት፣ ወደ ግቡ በሚያደርሰው ሥራ መስማማትና በሁለቱ መካከል ያለው መተማመን። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችም ይህ ኅብረት ከሕክምናው ውጤት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። እኛ ባለሙያ ስንመርጥ የምናየው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ «ደግ ናት»፣ «ፊቱ ብሩህ ነው» እንላለን። ሁለተኛው ባለሙያዬም ደግ ነበር። ለቅሶ መድረስ የሚለውን ግን አልጻፈም፤ ወደዚያ የሚያደርስ ሥራም አልሰጠኝም።

ሥራው ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰባት ጥያቄ ያለው መጠይቅ ሞላሁ። ላለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ተጨነቁ፣ ምን ያህል ጊዜ ዘና ማለት አቃተዎት እያለ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ ጠቅላላው 21 ነው። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል ይባላል። እኔ 17 አገኘሁ። በየጥቂት ሳምንቱ እየደገመች አስሞላችኝ። ቁጥር ስለምወድ ብቻ አይደለም ይህን የማነሣው። ለውጡን በአንድ ነገር የማይለካ ባለሙያ እየረዳችሁ ይሁን አይሁን እሱም አያውቅም፣ እናንተም አታውቁም።

ከዚያ ደረጃ አስሮጠችኝ። የምንሠራበት ሕንፃ እንደ እኛው ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም። አብረን ወጥተን ወረድን፣ ደግመን ወጣን። ልቤ ያን የታክሲውን ቀን ያህል ሲመታ እጄን ደረቴ ላይ አስደርጋ «አሁን ምን ይላሉ?» አለችኝ። «ልቤ ይመታል» አልኳት። «ሊሞቱ ነው?» አለችኝ። አይ፣ አልኩ። ደረጃ መውጣቴ ነው። «ታክሲ ውስጥም የሚመታው ይኸው ልብ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን በፊት ልቤ እንዳይመታብኝ ብዬ አራተኛ ፎቅ ያለውን ቤቴን እንኳ በየፎቁ እያረፍኩ ነበር የምወጣው። የዚያን ዕለት ማታ ሳላርፍ ወጣሁ። ባለቤቴ በሩን ስትከፍት እያለከለክሁ ስስቅ አገኘችኝ።

ከዚያ ታክሲው መጣ። ዝርዝር ሠራን፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። ታክሲ ተራው ላይ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሳይሄዱ መውረድ። አንድ ፌርማታ መሄድ። እስከ ቃሊቲ። እስከ ሳሪስ። በመጨረሻ የኋላ ወንበር፣ መሐል፣ መስኮቱ ተዘግቶ። ደንቡ አንድ ነው፤ ፍርሃቱ ሲመጣ አለመውረድ፣ ራሱ እስኪበርድ መጠበቅ። ዘጠኝ ሳምንት ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ደገምኩት።

ይህ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ይባላል። ለጭንቀት በብዛት ከተጠኑትና ውጤታቸው ከተረጋገጠው አንዱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ስለዚህ ስልክ ስትደውሉ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ለጭንቀት የሚሰጡት ሕክምና ምን ዓይነት ነው? በየሳምንቱ ቤቴ የምሠራው ሥራ አለ? የምፈራውን ነገር ቀስ በቀስ እንድጋፈጥ ያደርጉኛል? መሻሻሌን በምን ያውቃሉ?» ባለሙያው በጥያቄው ቅር ከተሰኘ መልሱን አግኝታችኋል፣ ወደ ሌላ ደውሉ። ዳኛ ፊት እንደቆማችሁ አትፍሩ። ጤፍ ስንገዛ እንኳ ዘግነን፣ አሽተን፣ ከየት መጣ ብለን ነው የምንገዛው።

ስለ ሙያዎቹ ልዩነት ባጭሩ። የአእምሮ ሐኪም፣ ሳይካትሪስት የሚባለው፣ የሕክምና ዶክተር ሆኖ ከዚያ በላይ በአእምሮ ሕመም የሠለጠነ ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ይህ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለዚህ ሙያ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። ወረፋው የረዘመው፣ ሐኪሙም የሚሰጣችሁ ጊዜ ያጠረው ቁጥራቸው ገና ትንሽ ስለሆነ ነው። በአእምሮ ጤና የሠለጠኑ ነርሶችና ሌሎች ባለሙያዎች በየሆስፒታሉ ብዙውን ሸክም ተሸክመዋል፤ «ዶክተር አይደለም» ብላችሁ አትናቋቸው። የሥነ ልቦና ባለሙያ በንግግርና በልምምድ ያክማል፣ መድኃኒት አያዝም። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ሥነ ልቦና መማርና በሽተኛ ለማከም መሠልጠን አንድ አይደሉም። «በማን ተቆጣጣሪነት ታካሚ እያዩ ተለማመዱ? የሙያ ፈቃድዎስ?» ማለት ነውር የለበትም።

አሁን ለእኛ ለዳር አገር ሰዎች ዋናው ነገር። ታዋቂ የተባሉት ባለሙያዎች መሐል ከተማ ናቸው። እኔን ያመመኝ መንገድ ነው፤ ሕክምናው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነበር። መጀመሪያ ላይ በጣም ስመ ጥር የሆኑ አንድ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤ ሁለት ጊዜ ሳልደርስ ቀርቻለሁ። ያቺ ወጣት ባለሙያ ግን ገና በስልክ ስንነጋገር «ከየት ነው የሚመጡት? በምን?» ብላ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀጠሮዎች ባለቤቴ አብራኝ መጣች። መሐል ላይ በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ቀጠሮ በስልክ አደረግነው። በርቀት የሚሰጠውም ሕክምና ለጭንቀት እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል፤ ቤት ውስጥ ጆሮ የማይደርስበት ጥግ ማግኘት ግን ለብዙዎቻችን ይከብዳል፤ እኔ ሰገነት ላይ ወጥቼ ነበር የማወራው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ ከምትደርሱበት ስመ ጥር ባለሙያ ይልቅ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ልትመላለሱበት የምትችሉት፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ይሻላችኋል። ሒሳቡንም ስትሠሩ የቀጠሮውን ክፍያ ብቻ አትቁጠሩ። የታክሲ ደርሶ መልስ፣ ከሥራ የምትቀሩበት ግማሽ ቀን፣ ይህ ሁሉ በአሥራ ሁለት ይባዛ። ካልቻላችሁ ገና በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ ቀጠሮውን ሊያራርቅላችሁ ወይም ወደሚቀርባችሁ ሊመራችሁ ይችላል።

አቅም ለሌለው መንገዱ የመንግሥት ነው። ከጤና ጣቢያችን ጀምሩ፤ በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ሰው እንዳለ ጠይቁ። የጤና መድን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ሪፈራሉ ከዚያው ነው የሚጻፍላችሁ። አማኑኤል ሆስፒታል መርካቶ አጠገብ ነው። ስሙን ስንሰማ የምናፍረው ለምንድን ነው? ስንት ሰው ከዚያ ድኖ ወጥቶ ከእኛ ጋር ቡና ይጠጣል፣ ስለማይነግረን ነው የማናውቀው። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው ካለ ግን ቀጠሮም፣ ምርጫም አያስፈልገውም፤ በዚያው ቀን ሰው ይዞ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ስለ እምነትም ልበል፣ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ እየጠየቃችሁኝ ነው። እኔ ጠበል ተጠምቄያለሁ፣ አሁንም እጠመቃለሁ። ሙስሊም ወንድሞቼ ቁርኣን ያስቀራሉ። ያቺ ባለሙያ ይህን ስነግራት አልሳቀችም፣ ተዉትም አላለችኝም። «ጠበሉ ዘንድ በምን ይሄዳሉ?» አለችኝ፤ በታክሲ ስላት ያንንም ዝርዝራችን ውስጥ አስገባችው። በኤች አይ ቪ ዘመን አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ እንዲወሰድ በአደባባይ ማስተማራቸውን የምታስታውሱ አላችሁ። በእምነታችሁ የሚያፌዝ ባለሙያ ትታችሁት ሂዱ። በሕክምናው ፋንታ ስብከት የሚሰጣችሁንም እንዲሁ፤ ለስብከቱ የንስሐ አባት አላችሁ፣ ሼህ አላችሁ።

ስንት ጊዜ ታግሦ ማየት ይገባል ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ሰው ይከብደዋል፤ በሱ አትፍረዱ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀጠሮ ግን ሕመሜ ምን እንደሆነ፣ ምን እየሠራን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ በራሴ አፍ ለባለቤቴ ማስረዳት መቻል አለብኝ። ካልቻልኩ መጀመሪያ ለባለሙያው እነግረዋለሁ። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲሰማ መንገዱን ያስተካክላል። ካላስተካከለ አመስግኜ እሄዳለሁ። በይሉኝታ አንድ ዓመት የከረመ ሰው አውቃለሁ፤ «ምን ይለኛል» እያለ እየከፈለ ሳይሻለው ቀረ።

እኔ በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት መጠይቁን ስሞላ 6 አገኘሁ። ፍርሃቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ቃሊቲ ላይ መጥቶብኝ ነበር፤ አብሬው ተቀምጬ ቆየሁ፣ ሄደ። ባለፈው ወር ወንድማቸው ወደሞተባቸው እናት ቤት ሄጄ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ለቅሶዬን ደረስኩ። ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያዳምጡኛል። እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ።

መንገዱ የከበደው ሰው ካለ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት እጁን እንዲያወጣ አልጠይቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ታክሲ ተራው ጋ እኖራለሁ። መጥቶ ሰላም ይበለኝ፣ ሌላ ምንም መናገር የለበትም። የመጀመሪያውን ቀን እስከ ጤና ጣቢያው ወይም እስከ ባለሙያው በር ድረስ አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው እሄዳለሁ። ሁለተኛውን ቀን እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ እሱ በሩ አጠገብ። ሦስተኛውን ቀን ብቻውን ይሄዳል፤ እኔ ታክሲ ተራው ላይ እስኪመለስ እጠብቀዋለሁ።